ገመዱ ተሰክቷል፣ መብራቱም በርቷል፣ ኔትወርኩ ግን የለም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ራውተርና ስዊች ነው። ሱቅ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ፋርማሲ ውስጥ ስላሉት ትንንሾቹ። ሳነባቸው አንድ ነገር ልብ አልኩ። የትኛውን ሴቲንግ እንደሚነኩ የነገራቸው ሰው ሞልቷል፣ ሳጥኑ ምን ሥራ እንደሚሠራ የነገራቸው ግን የለም። የሳጥኑ ሥራ የገባው ሰው ሴቲንጉን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል ብዬ ነው የማምነው። መልሶቼ ሁሉ የሚነሱት ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ኮሌጅ ገብቼ ሃርድዌርና ኔትወርክ ተምሬ ጨርሻለሁ፣ ሥራ ግን ገና አላገኘሁም። ለመሣሪያዎቹ የሚጻፉትን ትእዛዞች፣ ኮማንዶቹን፣ አንድ ደብተር ሙሉ ጽፌ ሸምድጃቸዋለሁ። ባለፈው አጎቴ «ተምረሽ የለ፣ እስቲ የሱቁን ራውተር እይልኝ» ሲለኝ ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። በጣም አፈርኩ። ዕቃ ገዝቼ ልለማመድ ብል አቅሙ የለኝም። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማፈሩን ተይው። ደብተርሽ ላይ የጻፍሽው ልክ ነው፣ የተገለበጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ኮማንድ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ሁለቱን ሳጥኖች እንለያቸው።

ስዊች የአንድ ሰፈር ሰዎችን ያገናኛል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ ማክ አድራሻ የሚባል ቁጥር አለው። ስዊቹ የትኛው ቁጥር በየትኛው ፖርት (የገመድ መሰኪያ ቀዳዳ) እንደገባ እያየ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ መልእክት ሲመጣ ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል። ባለቤቱን ገና ካላወቀው ደግሞ ከመጣበት ፖርት በቀር በሁሉም ፖርቶች ይልከዋል፣ መልስ ሲመጣለት ይመዘግበዋል። ሥራው ይኸው ነው፤ ከሰፈር ወጥቶ መሄድ አያውቅበትም። ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚያሻግረው ራውተር ነው።

ለአንቺ ለደብረ ብርሃን ልጅ ይሄ አይከብድሽም። ከጠባሴ ወደ መሀል ከተማ ለመሄድ ምንም በር አታልፊም። ደብረ ሲና ለመውረድ ግን ጣርማ በር ላይ መድረስሽ አይቀርም። ኮምፒውተር ላይ ዲፎልት ጌትዌይ የሚለው ቦታ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው፤ ከዚህ ሰፈር መውጫው በር የቱ ነው? በሩን ካልነገርሽው ጎረቤቱን ያገኛል፣ ኢንተርኔት ግን አያገኝም። በሩ ማለት የራውተሩ አድራሻ ነው።

አድራሻውንም እንየው። ኮምፒውተሩ 192.168.1.15 ይላል፣ ከሥሩ ሰብኔት ማስክ 255.255.255.0 ይላል። 255 ያለባቸው ሦስቱ ቦታዎች ቀበሌው ናቸው፣ 0 ያለበት የመጨረሻው የቤት ቁጥሩ ነው። ስለዚህ ቀበሌው 192.168.1፣ የቤት ቁጥሩ 15 ነው። 192.168.1.40 የሚባል ኮምፒውተር እዚያው ቀበሌ ስላለ በስዊች ብቻ ይገናኛሉ። 192.168.2.40 ግን ሌላ ቀበሌ ነው፣ በበሩ ማለፍ አለበት። አንድ ቀበሌ ውስጥ ከ1 እስከ 254 ያሉትን የቤት ቁጥሮች መስጠት ይቻላል፤ 0 የቀበሌው መጠሪያ ነው፣ 255 ደግሞ ለሁሉም በአንዴ መጥሪያ ነው። በነገራችን ላይ፣ ይህ 192.168 በየሄድሽበት የሚያጋጥምሽ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ደንብ ለግል ኔትወርክ ተብሎ ስለተለየ ነው። ያንቺም የጎረቤትሽም ቤት አንድ ዓይነት ቁጥር ቢኖረው ችግር የለውም፣ ወደ ውጭ ሲወጣ ራውተሩ በራሱ የውጭ አድራሻ ይቀይረዋል።

ይህ ከገባሽ አሁን ወደ ልምምዱ እንሂድ። ዕቃ አያስፈልግሽም። ፓኬት ትሬሰር የሚባለውን፣ ኔትወርክን ስክሪን ላይ አስመስሎ የሚያሠራ፣ የኔትወርክ ዕቃ አምራቹን የሲስኮን ፕሮግራም አውርጂ። በኔትወርኪንግ አካዳሚያቸው ስትመዘገቢ በነፃ ነው የሚሰጥሽ። ላፕቶፕ ከሌለሽ ኮሌጃችሁ ወይም ጓደኛሽ ጋ ተጠቀሚ፣ ሥራሽን በፍላሽ ይዘሽ መዞር ትችያለሽ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራሽ ይህ ይሁን። ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ስዊች አስቀምጪ። በገመድ አገናኚያቸው። ገመዱን እንደሰካሽ የስዊቹ ጫፍ ላይ ብርቱካናማ ነጥብ ታያለሽ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ አረንጓዴ ይሆናል። ተበላሸ ብለሽ አትንቀዪው። ስዊቹ «ይሄ ገመድ ዞሮ እኔው ላይ ይመለሳል ወይ?» ብሎ እያጣራ ነው። ለምን እንደሚያጣራ ከታች ለመሐል ሜዳው መምህር ስመልስ ታያለሽ። ከዚያ ለአንዱ 192.168.10.11፣ ለሌላው 192.168.10.12 ስጪና ፒንግ አድርጊ፣ ማለትም ከአንዱ ሆነሽ ሌላውን «አለህ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ይመልስልሻል። ያለ አንድ ኮማንድ፣ ያለ ምንም ሴቲንግ፣ ስዊች ብቻውን ሠራ ማለት ነው።

ቀጥለሽ ሁለተኛ ስዊች ከነሁለት ኮምፒውተሩ ጨምሪ፣ አድራሻቸውን 192.168.20.11 እና 12 አድርጊው። ሁለቱን ስዊቾች በገመድ አገናኝተሽ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ፒንግ ሞክሪ። እምቢ ይልሻል። እምቢ ሲል ነው ራውተር ለምን እንደተፈጠረ የሚገባሽ። ያንን ገመድ ንቀዪና ራውተሩን መሀል አስገቢ። አንዱን ፖርት 192.168.10.1፣ ሌላውን 192.168.20.1 በይው። ገመዱ ላይ ቀይ ምልክት ካየሽ ኖ ሻትዳውን የሚለውን ኮማንድ ረስተሻል። የሲስኮ ራውተር ፖርቶች ከፋብሪካ ሲወጡ ተዘግተው ነው፣ የስዊቹ ግን ክፍት ናቸው። አሁንም ፒንግ ካልሠራልሽ ወደ ኮምፒውተሮቹ ተመለሺና በሩን ንገሪያቸው፤ ለ10ኛው ሰፈር 192.168.10.1፣ ለ20ኛው 192.168.20.1። የመጀመሪያው ፒንግ ሊጠፋብሽ ይችላል፣ ቀሪዎቹ ይመለሳሉ። በመጀመሪያው ጊዜ መሣሪያዎቹ ማክ አድራሻ እየተጠያየቁ ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሆን ብለሽ አድርጊ። ይህ ሁሉ ከሠራልሽ በኋላ ፕሮግራሙ ላይ ራውተሩን ክፈቺና በማብሪያ ማጥፊያው አጥፍተሽ አብሪው። የሠራሽው ሁሉ ጠፍቶ ታገኚዋለሽ። የጻፍሽው ነገር የተቀመጠው መብራት ሲሄድ በሚጠፋ ሜሞሪ ላይ ነበር። የጻፍሽውን ወደማይጠፋው ሜሞሪ የምትገለብጠው፣ ኮፒ ረኒንግ ኮንፊግ ስታርትአፕ ኮንፊግ የምትለዋ መስመር ደብተርሽ ውስጥ አለች አይደል? ለምን እንደተጻፈች ከዚያ ቀን በኋላ አትረሺም። መብራት በሚሄድ በሚመጣበት አገራችን ይህችን መስመር የረሳ ባለሙያ ደንበኛው በማግስቱ ይደውልለታል።

ወደ አጎትሽ ሱቅ ስትመለሺ መጀመሪያ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። የትኛው ገመድ የት እንደተሰካ፣ የትኛው መብራት እንደሚበራ። ሪሴት የምትለዋን ትንሽ ቀዳዳ ግን በፍጹም አትንኪ። የመስመሩ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ራውተሩ ውስጥ ተጽፎ ከሆነ አብሮ ይጠፋል፣ አጎትሽ ደግሞ ወረቀቱን የት እንዳስቀመጠው ላያስታውሰው ይችላል። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ጠይቂ። ገመዱ ደርሷል? መብራቱ በርቷል? ኮምፒውተሩ አድራሻ አግኝቷል? በሩን ፒንግ ሲያደርግ ይመልሳል? ከበሩ ውጭ ያለውን ለምሳሌ የጉግልን 8.8.8.8 ያገኛል? በቁጥር አግኝቶ በስም ድረ ገጽ ካልከፈተ ችግሩ ስም ተርጓሚው ዲኤንኤስ ላይ ነው። እያንዳንዱን ስትመልሺ ችግሩ የት እንዳለ ራሱ ይነግርሻል። አጎትሽ አጠገብሽ ቆሞ ቢያይ እንኳ አትቸኩዪ፣ በወረቀት እየጻፍሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ከረማችሁ። በመሐል ሜዳ መምህር ነኝ። የኮምፒውተር ክፍላችን 20 ኮምፒውተሮች አሉት። ዋይፋይ እንዲኖረን ብለን አንድ ተጨማሪ ራውተር ስዊቹ ላይ ሰክተናል። ከዚያ ወዲህ ግን ግማሾቹ ኢንተርኔት ያገኛሉ፣ ግማሾቹ አያገኙም። ጠዋት የሠራው ከሰዓት አይሠራም። ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ከክፍሉ ወደ አስተዳደር ሕንፃው 140 ሜትር ያህል ይሆናል፣ በኔትወርክ ገመድ ማገናኘት እንችላለን?

መልስ፦ እርስዎም እንደምን ከረሙ፣ መምህር። ጥያቄውን በደንብ አድርገው ነው የጻፉት፤ «ከዚያ ወዲህ» የሚለው ቃል ብቻውን ግማሹን መልስ ይዟል።

ኮምፒውተር ሲበራ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ይጣራል። የሚመልስለት ዲኤችሲፒ የሚባለው አገልግሎት ነው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ውስጥ ነው ያለው። አሁን እናንተ ጋ አድራሻ ሰጪዎቹ ሁለት ሆነዋል። ኮምፒውተሩ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። የመጀመሪያው ራውተር ቀድሞ ከመለሰ ትክክለኛውን በር ይነግረዋል፣ ኢንተርኔት ያገኛል። አዲሱ ከቀደመ ግን «በሩ እኔ ነኝ» ይለዋል፣ እሱ ደግሞ ወደ ውጭ የሚወጣበት መስመር የለውም። አድራሻው የሚሰጠው ለተወሰነ ሰዓት ስለሆነ እንደገና ሲጠየቅ ደግሞ ተራው ሊለወጥ ይችላል። ጠዋትና ከሰዓት የሚለያየው ለዚህ ነው።

በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ አንድ የሚሠራና አንድ የማይሠራ ኮምፒውተር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ጥቁሩን የኮማንድ መስኮት ከፍተው አይፒኮንፊግ ብለው ይጻፉ። የሁለቱ ጌትዌይ የተለያየ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱም ራውተሮች ከፋብሪካ የወጡበትን 192.168.1.1 እንደያዙ ይሆናሉ፣ ያኔ ቁጥሩ አንድ ሆኖ በሩ ሁለት ይሆናል፤ ይሄኛው ይበልጥ ያደክማል። ምናልባት 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ካዩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ያ ኮምፒውተር ተጣርቶ ማንም አልመለሰለትም፣ ለራሱ አድራሻ አወጣ ማለት ነው። ያኔ ገመዱን ይመርምሩ።

መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም። አዲሱን ራውተር ከስዊቹ ነቅለው አንድ ላፕቶፕ ብቻ ያገናኙበት። ወደ ሴቲንጉ ገብተው ሦስት ነገር ያድርጉ። የራሱን አድራሻ ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ማንም ወዳልያዘው ይቀይሩ፣ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ እሱን 192.168.1.2 ይበሉት። ዲኤችሲፒውን ያጥፉ። የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ያስገቡ። ከዚያ ወደ ስዊቹ ሲመልሱት ገመዱን ዋን ወይም ኢንተርኔት በሚለው በተለየው ፖርት ሳይሆን ላን ከሚሉት በአንዱ ይሰኩት። ከዚህ በኋላ ያ ሳጥን ራውተርነቱ ቀረ፤ ስዊችና የዋይፋይ አንቴና ብቻ ሆነ። እናንተም የፈለጋችሁት ያንን ነበር።

አንድ አደራ ልጨምር። ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ እጅ ስላለ ይህ ማጋጠሙ አይቀርም። እኔ ራሴ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ሞተ ተብዬ ተጠርቼ ነበር። ስደርስ የስዊቹ መብራቶች አንዱም ሳይቀር አንድ ላይ፣ ፋታ በሌለው ፍጥነት ያርገበግባሉ። እንዲያ ዓይነት መብራት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ራውተሩን አጠፋሁ አበራሁ፣ ሴቲንግ ከፈትኩ ዘጋሁ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ገመዶቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። ሰባተኛዋን ስነቅል መብራቶቹ በአንዴ ረጋ አሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ መሬት ላይ የወደቀ የገመድ ጫፍ አይታ፣ ወልቆ ነው ብላ በቅንነት ባዶው ቀዳዳ ላይ ሰክታዋለች። ሌላኛው ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ለሰፈሩ ሁሉ የተላከ ጥሪ ስዊቹ በሁሉም ፖርት ያወጣዋል፣ በዚያች ገመድ ዞሮ ይመለሳል፣ እንደ አዲስ እንደገና ያወጣዋል። ስዊቾች መካከል የሚሄድ መልእክት ደግሞ ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚቆጠርበት ነገር የለውም፣ ስለዚህ ማቆሚያ የለውም፤ መስመሩን ሞልቶ ያንቀዋል። ይህን ችግር የሚፈታውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1985 ራዲያ ፐርልማን የተባለች አሜሪካዊት ፈለሰፈችው። ስፓኒንግ ትሪ ይባላል፣ ዞሮ የሚመለሰውን መንገድ ፈልጎ ይዘጋል። ለደብረ ብርሃኗ ልጅ የነገርኳት ብርቱካናማ ነጥብ የዚህ ዘዴ ሥራ ነው። ሱቅ ውስጥ በርካሽ የሚሸጡት ትንንሽ ስዊቾች ግን አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። እናም መምህር፣ በእያንዳንዱ ገመድ በሁለቱም ጫፍ ላይ በፕላስተር ቁጥር ይለጥፉ። ትርፉን ገመድ ከክፍሉ ያውጡት።

ስለ 140 ሜትሩ፣ በኔትወርክ ገመድ አይሆንም። የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ወሰኑ 100 ሜትር ነው። መሀል ላይ ስዊች አስገብተው ያስቀጥሉት የሚልዎት ይኖራል፣ ቴክኒኩ ልክ ነው። እኔ ግን መሐል ሜዳ ላይ አልመክርም። እንደዚያ ባለ ከፍታና በክረምቱ ነጎድጓድ ከሕንፃ ሕንፃ በአየር ላይ የተዘረጋ መዳብ የመብረቅን ኃይል ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ቀጥታ ባይመታው እንኳ አጠገቡ ሲወድቅ የሁለቱንም ሕንፃዎች ዕቃ ያቃጥላል። ፋይበር መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብረት የሌለው የውጭ ፋይበር ይጠይቁ፣ በሁለቱም ጫፍ ፋይበሩን ወደ ተራው ፖርት የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ይደረጋል። ለፋይበሩ አቅም ካልተገኘ፣ ሁለቱ ሕንፃዎች የሚተያዩ ከሆነ፣ ጣሪያ ላይ ፊት ለፊት የሚገጠሙ ሁለት የዋይፋይ አንቴናዎች ሥራውን ይሠራሉ። መሬት ውስጥ የሚያስገባ የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ግን ለእነሱም አይቅርባቸው።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና ነው። ገመድ ራሴ ነው የምቆርጠውና ጭንቅላቱን የምመታው። ቴስተሩ ላይ 8ቱም ይበራሉ፣ ግን ፍጥነቱ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ይቆራረጣል። ቀለሞቹን በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት አድርጌያለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንድ ዓይነት ማድረጉ ብቻ አይበቃም። ቴስተሩ የሚያየው ሽቦው ከዚህ እዚያ መድረሱን እንጂ ጥንዱ ከጥንዱ ጋር መሄዱን አይደለም። ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠመዘዙት አንዱ የሌላውን ረብሻ እንዲያጠፋ ነው። ሦስተኛውና ስድስተኛው ቦታ የአንድ ጥንድ መሆን አለባቸው። ብዙ ሰው ግን ቀለሞቹን በጥንድ በጥንድ ደርድሮ ይመታል፣ ያኔ ከ3 እስከ 6 ያለው ይሰባጠራል።

የኮኔክተሩን ምላስ ወደ ታች አድርገህ፣ የሽቦው መግቢያ ወደ አንተ ሆኖ፣ ከግራ ጀምር፤ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ተለያይቶ ሰማያዊውን መሀል እንዳስገባ አየህ? ዋናው ነገር እሱ ነው። ጥምዝዙን ስትፈታ ደግሞ ከ13 ሚሊሜትር አታስበልጥ። የውጪው ልባስም ኮኔክተሩ ውስጥ ይግባ፣ አለበለዚያ ስትጎትተው ሽቦው ነው የሚጎተተው።

ይህ ሁሉ ልክ ሆኖ አሁንም ካስቸገረህ ገመዱን ራሱን ጠርጥር። አንዱን ሽቦ ላጠውና በምላጭ ፋቅ አድርገው። እስከ ውስጥ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ቀዩ ተፍቆ ነጭ ብረት ከመጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ርካሽ ነው፣ ሁለት ሦስቴ ስታጥፈው ይቀነጠሳል፣ ረጅም መስመር ላይም ይደክማል። ስትገዛ ሻጩ ፊት ፋቀው። ቅር ቢለውም ግድ የለም።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ፋርማሲ አለኝ። ራውተሩ ከቀትር በኋላ ይሞታል፣ ነቅዬ ስሰካው ይመለሳል። ባለሙያ ነኝ ያለ ልጅ አዲስ ግዢ አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እመቤቴ። ራውተሩ ላይ ዳንቴል አለ? ጥያቄዬ ከምር ነው። ቲቪው ላይ፣ ፍሪጁ ላይ፣ ራውተሩ ላይ ዳንቴል ማልበስ ቤታችንን የምናሳምርበት ነው። ራውተሩ ግን የሚተነፍሰው በጎንና በጀርባው ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቢሸፍኑት ብዙም አይጎዳው ይሆናል፤ ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ ከቀትር በኋላ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሙቀት ጨምሩበት። ዳንቴሉን ያንሡለት፣ ከመድኃኒት ካርቶን መሀል አውጡትና ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ለሳምንት እዩት።

ካልተሻለው ቀጥሎ የምጠረጥረው አዳፕተሩን ነው። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል አዳፕተሩ ነው ቀድሞ የሚደክመው፣ መብራቱ እየበራ ኃይል ግን ያጥረዋል። ቮልቱ ልክ ያው፣ አምፔሩ ያው ወይም የሚበልጥ አዳፕተር ለሙከራ ተዋሱ። ፍሪጁና ራውተሩ አንድ ዲቫይደር ላይ ከሆኑም ይለያዩዋቸው። ራውተሩን መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል ከሚሰጥ ትንሽ ዩፒኤስ ጋር ማገናኘት ከቻሉ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። እነዚህ ሁሉ ተሞክረው ካልሆነ ልጁ እውነቱን ነው፣ ይግዙ።

አዲሱን ሲገዙ፣ ወይም አሮጌው ላይም ቢሆን፣ ወደ ሴቲንግ መግቢያውን ፓስወርድ ቀይሩ። ይህ ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ነው። የፋብሪካውን ማንም ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ዓለም ከተማ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። ለታካሚዎች ዋይፋይ ልንለቅ አስበናል። ግን የገንዘብ ያዧና የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተሮች፣ ፕሪንተሩም እዚያው ኔትወርክ ላይ ናቸው። ቪላን አድርግ ብለውኛል። ከባድ ነው?

መልስ፦ መጠየቅህ በራሱ ደስ ብሎኛል። የሰው የሕክምና ካርድ ያለበት ኮምፒውተርና የማያውቁት ሰው ስልክ አንድ ሰፈር ውስጥ መዋል የለባቸውም። ይህን ሳያስብ ፓስወርዱን ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ብዙ ቦታ አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል።

ቪላን ማለት አንዱን ስዊች በሐሳብ ቆርጦ ሁለት ስዊች ማድረግ ነው። ከ1 እስከ 8 ያሉት ፖርቶች ለሥራ፣ 9 እና 10 ለእንግዳ ትላለህ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱ አንድ ሳጥን ውስጥ ሆነው አይተዋወቁም። ሁለቱም ወደ ራውተሩ በአንዲት ገመድ እንዲሄዱ ከተፈለገ በየመልእክቱ ላይ የቪላን ቁጥሩ ይለጠፍበታል። ይህን ለማድረግ ማኔጅድ የሚባለው ስዊች ያስፈልግሃል። ሰክተህ ብቻ የምትተወው ርካሹ ስዊች አይሆንም። ራውተሩም ቪላን የሚያውቅ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ሁለት ሰፈር ካለ ሁለት አድራሻ፣ ሁለት በር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ይሠራል። ሰዎች ቪላኑን በደንብ ይለያዩና ራውተሩ ላይ ሲደርሱ ይተዉታል። ራውተር ሥራው ማሻገር ነው፤ ካልከለከልከው ሁለቱን ሰፈሮች መልሶ ያገናኛቸዋል። ከእንግዳ ወደ ሥራ የሚሄደውን የሚያግድ ሕግ እዚያው ላይ መጻፍ አለብህ።

ለእናንተ ክሊኒክ ግን ምናልባት ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ብዙ አዳዲስ ራውተሮች ጌስት ኔትወርክ የሚል ምርጫ አላቸው። እሱን አብራው፣ የተለየ ስምና ፓስወርድ ስጠው፣ «እንግዶች የውስጡን ኔትወርክ እንዲያዩ ፍቀድ» የሚል ነገር ካለ አጥፋው። አንድ ራውተር ብቻ ካላችሁ ይህ ይበቃችኋል። ሰፋ ስትሉ ወደ ቪላን ትሄዳላችሁ።

ከዚያ ፈትሸው። አብርቼዋለሁ ብለህ አትተወው። የፕሪንተሩን አድራሻ ጻፍ። መጀመሪያ ስልክህን ከሥራው ዋይፋይ ጋር አገናኝና የፕሪንተሩን አድራሻ በብሮውዘር ክፈት፣ የፕሪንተሩ ገጽ ይመጣል። ቀጥሎ ወደ እንግዳው ዋይፋይ ቀይርና ያንኑ አድራሻ ክፈት። የሥራውን ኮምፒውተር ፒንግ በማድረግ አትፈትሸው፣ ዊንዶውስ ፒንግን ራሱ ሊከለክል ስለሚችል ተዘግቷል ብለህ ትሳሳታለህ። በፕሪንተሩ ነው የምታውቀው። ሁለተኛው ጊዜ ገጹ ካልመጣ፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ከሠራ፣ የታካሚዎቹን ፓስወርድ አትመህ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ መለጠፍ ትችላለህ።